ነገሩን ትቶ አባባሉን

(ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የንባብ ምሽት የቀረበ ንግግር፤ ለአንባቢ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ?

የምሽቱ አዘጋጆች ሲጠሩኝ «ስለ ቋንቋ ትምህርት ጥቅም ንገረን» ብለውኝ ነበር። ስለ ጥቅሙ የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ ሥራ ያስገኛል፣ አእምሮ ያሰላል ይባላል፤ እውነትም ነው። እኔ የማወራላችሁ ግን ጥቅሙ ቀርቶባቸው ስለሚማሩት ሰዎች ነው። ለሥራ አይደለም፣ ለስኮላርሺፕ አይደለም፣ ለጉዞም አይደለም፤ አብዛኞቹ ፓስፖርት እንኳ የላቸውም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍነው በፊንላንድኛ አንድ ስም በስንት መንገድ እንደሚረባ ያነባሉ። «አሥራ አምስት!» ብለው ብቻቸውን ይስቃሉ። የአገራችን ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ልክፍት ይለዋል፤ እኔም የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ልክፍተኛ እንዳለ አላውቅም፤ ፊታችሁን ሳየው ግን ጥቂት አይደላችሁም። ምልክቶቹን ልናገር፣ እናንተ ራሳችሁን መርምሩ። የባል ወይም የሚስት ነገር ሆኖባችሁ የመጣችሁም ካላችሁ ልብ ብላችሁ ስሙ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ብዙ ቋንቋ መቻል ልክፍት አይደለም። ወደባችን ላይ ለገዳማቱ ጀልባ የሚያስይዙ ልጆች በጣልያንኛ ዋጋ ይነግራሉ፣ በጀርመንኛ ይከራከራሉ፣ በስፓኒሽ ይስማማሉ። ጤነኞች ናቸው። ቋንቋውን የፈለጉት ሰው ሊያናግሩበት ነው፤ እንግዳው ሲሄድ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ። ልክፍተኛ ማለት ሰው ሲናገር ነገሩን ትቶ አባባሉን የሚሰማ ነው። የተቀረው ምልክት ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንጎ ፓርክ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጣችኋል እንበል። ጓደኛችሁ ከእጮኛው ጋር እንዴት እንደተለያየ እያወራችሁ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከኋላችሁ ሁለት ፈረንጆች መጥተው ይቀመጣሉ። የጓደኛችሁ ነገር እዚያች ላይ አበቃለት። ፊታችሁ ወደ እሱ ነው፤ ጆሯችሁ ግን ወደ ኋላ ዞሯል። ራሺያኛ ይመስላል። አይደለም። ቆይ እስቲ... ፖርቱጋልኛ ነው! የሊዝበን ሰዎች አናባቢውን እየዋጡ ስለሚናገሩ ላልለመደ ጆሮ ከስላቭ ቋንቋዎች ጋር ይምታታል፤ እናንተ ግን ለያችሁት። በደስታ ጠረጴዛውን ትመታላችሁ። «አንተም ተናደድክ አይደል?» ይላል ጓደኛችሁ፣ አጋር ያገኘ መስሎት።

የባሰበት ደግሞ ተነስቶ ይከተላል። አንድ ወጣት ሁለት አዛውንት ቱሪስቶችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀምሮ እስከ ወደቡ ድረስ በሦስት እርምጃ ርቀት ሲከተል ፖሊስ አስቆመው አሉ። «ምን ፈልገህ ነው?» ቢለው «የሆላንድ ደችኛ ይሁን የቤልጂግ ልለይ ብዬ ነው» አለ። ፖሊሱም አዋቂ ነው፣ «ታዲያ ጠይቀሃቸው አትገላገልም?» አለው። ልጁ ተቆጣ። «ከጠየቅኳቸውማ ምኑን ለየሁት!»

ቤት ውስጥ ምልክቱ ግድግዳ ላይ ይወጣል። የምትማረውን ቃል በወረቀት ጽፈህ ዕቃው ላይ ለጥፍ የሚል ምክር አለ። ለጣልያንኛ ይሄ ምንም ችግር የለውም። አረብኛ የጀመረው የአንድ ወዳጄ ልጅ ግን እናቱ ዘመድ ጥየቃ በሄዱበት ሳምንት ቤቱን በሙሉ ለጠፈው፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ ጀበናውን፣ ሞሰቡን፣ የአልጋውን ራስጌ ሳይቀር። እንዳይረሳው ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈው። የጎጃም እናት ከመንገድ ገብታ በቀይ ቀለም የተጻፈ የማይነበብ ጽሕፈት ከራስጌዋ ስታገኝ ምን እንደምታስብ ለእናንተ አልነግርም። «ማነው ቤቴን ያስደገመበት?» ብለው ጎረቤት ጠሩ። ጎረቤቷ የባሰች ነበረች። ዞር ዞር ብላ አየችና «ኧረ እቴ፣ ይሄስ የሰላቢ ሥራ ነው» አለች፤ ትልቁ ወረቀት የተለጠፈው የቅቤው ቅል ላይ ነበርና። ልጁ ማታ ሲገባ ወረቀቱ ተቃጥሏል፣ ቤቱ በጠበል ርሷል፣ እጣኑ ዓይን አያስገልጥም። «እማዬ፣ እሱ እኮ ቅቤ ማለት ነው!» ብሎ ጮኸ። «ቅቤውን ፈልጎ መምጣቱንማ እኔም አውቄያለሁ» አሉት።

ስልክም አለ። ልክፍተኛ ስልኩን በሚማረው ቋንቋ ያደርገዋል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆን ማንም አይጎዳም፤ እሱ ግን ጆርጂያኛ ነው የሚመርጠው። ለምን ጆርጂያኛ ብትሉት መልስ አለው፤ መልስ ያጣ ልክፍተኛ አይቼ አላውቅም። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ፣ ቀ የምንላቸው፣ ጉሮሯችንን ዘግተን የምናፈነዳቸው ድምፆች አማርኛ የሚማሩትን ፈረንጆች ላብ በላብ ያደርጓቸዋል። ጆርጂያኛም እንዲህ ያሉ ድምፆች አሉት። «ስለዚህ እኛ ግማሹን መንገድ በነፃ ሄደነዋል» ይላችኋል። ቀሪው ግማሽ ግሱ ነው፤ እሱ ሲነሳ ወሬ ያስቀይራል። ፊደሉስ? 33 ብቻ! ከሀ እስከ ፐ 231 ፊደል በአለንጋ ለቆጠረ ሰው 33 ምንድን ነው? እንዲህ እያለ ስልኩን በጆርጂያኛ አድርጎ ሲዞር አጎቱ «እስቲ ወዲህ በላት፣ የኔ ካርድ አልቋል» ብለው ይቀበሉታል። ከብዙ ትግል በኋላ መደወሉ ቀርቶ ባትሪው ይበራል። እሱንም ማጥፋት ያቅታቸውና በጠራራ ፀሐይ እንዳበሩ ይመልሱለታል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያሰማን አገር ሁሉ ተደሰተ፤ ያዘነው ልክፍተኛው ብቻ ነው። የተዋናዩን ከንፈር እያየ የተሸፈነበትን ቱርክኛ ይገምታል። ጀግናዋ ሆስፒታል ተኝታ እህቶቹ ሲነፋረቁ እሱ «እዩ፣ ግሱ መጨረሻ ላይ መጣ፣ ልክ እንደኛ!» ይላል። ከክፍሉ ያስወጡታል፤ ያለው ግን ልክ ነው። ቱርክኛም፣ ጃፓንኛም፣ ኮርያኛም እንደ አማርኛ ግሱን ለመጨረሻ ያቆያሉ። እንግሊዝኛ ስንማር ዓረፍተ ነገሩን እየገለበጥን የተሰቃየን ሰዎች ጃፓንኛ ብንጀምር ቃሉ ባዕድ ይሆንብናል፤ አደራደሩ ግን ከቤታችን የወጣን አያስመስለንም። ይህን ያወቀ ኢትዮጵያዊ ጃፓንኛ ሳይጀምር አያድርም፤ መቀጠሉ ሌላ ጉዳይ ነው። የልክፍተኛን መጽሐፍ መደርደሪያ ያየ ያውቀዋል፤ የሁሉም መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፣ የቀረው ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው።

ዱኦሊንጎ የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ምልክቱ አረንጓዴ ጉጉት ናት። በየቀኑ ከተማርክ ቀኑን ትቆጥርልሃለች፤ አንድ ቀን ከዘለልክ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የትም አገር የማይነገረውን፣ ለፊልም ተብሎ የተፈጠረውን ክሊንጎንን እንኳ ታስተምራለች፤ እኔ ባየኋት ጊዜ ግን አማርኛ አልነበራትም። በዚህ ቂም የያዙባት አሉ፤ ቂም ይዘውም ቀኑን አይዘሉም። መብራትና ኔትወርክ በጠፋበት ምሽት፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ፣ ጋቢውን ደርቦ ዋይፋይ ፍለጋ ሆቴል በር ላይ የቆመ ሰው ካያችሁ አትፍሩት። ዘበኛው «ምን ፈልገህ ነው በዚህ ሰዓት?» ሲለው «ጉጉቷ እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው» አለው። ዘበኛው አማትቦ በሩን ዘጋ። በእኛ አገር ጉጉት በሌሊት ለምን እንደምትፈለግ ያውቃላ!

ልክፍተኛ በቃሉ የሚይዘው አንድ ሰንጠረዥም አለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የትኛው ቋንቋ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ መድቦ አስቀምጧል። አማርኛ ከከባዶቹ ጋር ነው፤ 44 ሳምንት፣ ወደ 1,100 የክፍል ሰዓት። አረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮርያኛ ከዚያ በላይ ናቸው፣ 2,200። የልጆቹን የልደት ቀን የማያስታውስ ሰው ይህን አይረሳም። እናቱን «1,100 ሰዓት አተረፍሽልኝ» ብሎ የሚያመሰግን አጋጥሞኛል። እናትየው ገንዘብ የተጠየቁ መስሏቸው ነበር።

አሁን ወደ አደኑ ልምጣ፤ ልክፍተኛ የሚያናግረው ሰው ያድናል። በዚህ በኩል ባሕር ዳር የታደለች ከተማ ናት። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ስለተከፈተ ከራሺያ መምህራን የተማሩ፣ ኋላም እዚያው ድረስ ሄደው የተመለሱ ጋሼዎች አሉን። በደርግ ዘመን በልጅነታቸው ኩባ ተልከው ስፓኒሽ የሚያቀላጥፉም ይገኛሉ። ልክፍተኛ እነዚህን ሰዎች በስም፣ በሰፈር፣ በሚጠጡበት ቡና ቤት ያውቃቸዋል። ለቅሶ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። «እግዜር ያጥናዎት ጋሼ» ይልና አጠገባቸው ይቀመጣል። ንፍሮው እስኪዞር ይታገሳል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ራሺያኛ ግስ የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን በምን ይለያል?» ይላል። ጋሼ መጀመሪያ ይገላምጡታል። ቀጥለው ዙሪያውን ያያሉ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው መዳፋቸው ላይ መጻፍ ይጀምራሉ፤ ለካ እሳቸውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠያቂ ሲጠብቁ ኖረዋል።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲሠራም እንዲሁ ነበር። ሕዝቡ ድልድዩን ሊያይ ይሄዳል፤ የእኛ ሰው የሚሠሩት ቻይናዎች የቃል ትርጉም የሚለዩበትን አራት የድምፅ ቃና ሊሰማ ይሄዳል። ድልድዩ ማለቁን ከሰው ነው የሰማው።

ቤተ ክርስቲያንም አያመልጥም። አንድ የማውቀው ሰው ለንስሐ አባቱ «አባ፣ ቅዳሴ ላይ ልቤ ይሰረቃል» ብሎ ተናዘዘ። «በዓለም ሐሳብ ነው?» አሉት። «የለም፣ ዲያቆኑ ያዜመውን ግስ ከየት እንደመጣ ሳወርድ ሳወጣ ወንጌሉ ያልፈኛል» አለ። አባ በጣም አዘኑ፤ ስግደት አዘዙት፤ ተሳልሞ ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ ጠሩት። «የትኛው ግስ ነበር?»

በአባ አትፍረዱ፣ የቅኔ ቤት ልጅ ናቸው። ልክፍቱን ኢንተርኔት ያመጣው የሚመስለው ሰው ጎጃምን አያውቅም። የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራን አስቡ፣ ጎንጅን አስቡ። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እየዘነጠለው፣ ማንም እናት ለልጇ የማታወራበትን ቋንቋ ግስ ሌሊቱን ሲያሰማ የሚያድር ልጅ ለምን ያንን እንደሚያደርግ ለነጋዴ ብታስረዱት አይገባውም። ጉባኤ ቃናው፣ ያቺ ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ በሰመረለት ቀን ግን ፊቱን እዩት። አሥራ አምስት ብሎ ከሚስቀው ልጅ ጋር አንድ ፊት ነው።

የውጭ ልክፍተኞችም ወደዚህ ሐይቅ መምጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ስፔናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የመን ላይ ተይዞ ለዓመታት ታሰረ። ሌላው ሰው በእስር ጸጉሩን ይነጫል፤ እሱ አረብኛ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ደርሶ ግዕዝንና አማርኛን ጨመረበት፤ በ1622 ከዚህ ማዶ ጎርጎራ ላይ ሞተ። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ደግሞ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው አገኘ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እስከ ጀርመኗ ከተማ ጎታ ድረስ አስመጥቶ በጥያቄ ወጠራቸው። መጀመሪያ የሚግባቡት በግዕዝ ነበር። በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። የአባን ትዕግሥት የሚመዝን ቢገኝ እኔ ሐውልት አሠራላቸዋለሁ፤ «ይሄስ ሲረባ?» «ይሄስ በሴት አንቀጽ?» የሚል ሰው ያስተማረ ያውቀዋል።

የሉዶልፍን መጻሕፍት አጥንቶ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ግድም በዚህ ሲያልፍ ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ከሌላው ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ሰማ። ልክፍተኛ ይህን ሰምቶ እንዴት ይተኛል? ንጉሡን ለምኖ ሁለት ወይጦዎች አስጠራ። ጠየቃቸው፤ ዝም። ደግሞ ጠየቃቸው፤ ዝም። ትሰቀላላችሁ ተብለው ሲዛትባቸው እንኳ አልመለሱም። ብሩስ ራሱ ነው ይህን የጻፈው። ለአንድ እፍኝ ቃል ሰው በስቅላት ማስፈራራት፣ ልክፍት ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?

እኔን የሚገርሙኝ ግን ሁለቱ ሰዎች ናቸው። ከሐይቅ ዳር ተጠርተው ንጉሥ ፊት ቆመዋል፤ ፊታቸው ቀይ የሆነ ባዕድ ሰው «ውኃን ምን ትሉታላችሁ?» ዓይነት ነገር ይጠይቃቸዋል። እነሱን ከነነገራቸው አልፈለጋቸውም፤ አባባላቸውን ብቻ ነው የፈለገው። ወይጦ በጥንቱ ኑሮው ጉማሬ አዳኝ ነው፤ የደንገል ታንኳ አሠራርም ያውቃል። ሐይቁ ዳር አብሯቸው ተቀምጦ ጉማሬ እንዴት እንደሚወጋ፣ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር ቢጠይቃቸው፣ ነገሩ ሲጥማቸው ስንት ቃል ባመለጣቸው ነበር! ጀርመናዊው ምሁር ኦይገን ሚትቮህ እ.ኤ.አ. በ1907 እንደጻፈው ወይጦዎች አማርኛ ነበር የሚናገሩት፤ ዛሬም እንደዚያው። የጥንቱ ቋንቋቸው የየትኛው ቋንቋ ዘመድ እንደነበር እስካሁን የለየ የለም።

ከእኛ ወገንም ወደ ውጭ የወጣ አለ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው፤ ከቡናው መሐል ወጥቶ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ አስተማረ፣ የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ ጻፈ፣ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ መንገደኛም የአማርኛ መነጋገሪያ አዘጋጀ። ፖለቲካው ሌላ ምሽት ይፈልጋል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆነው ግን የዘጌ ሰው የአማርኛን ግስ ለጣልያን ሲያረባ በዓይነ ሕሊናችሁ ማየታችሁ ነው፤ ወደቡ ላይ ካሉት ልጆች ጋር ዘመድ ነው እላለሁ።

የልክፍተኛ ቤተሰቦች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «መድኃኒት አለው ወይ?» ብለው ነው። የለውም። አቅጣጫ ማስለወጥ ግን ይቻላል። ኮርያኛ የሚማር የባሕር ዳር ልጅ አሥር ልጠራላችሁ እችላለሁ፤ የአዊ አገዎችን ቋንቋ አውኝን የሚማር ግን ከእንጅባራ ካላገባ በቀር አላየሁም። እንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ምሳ ሳይደርስ የሚገባበት አገር ነው። አውኝ ልክፍተኛን ለማጓጓት የሚጎድለው ነገር የለም። የድምፅ ቃና አለው። ግሱ ሲረባ ያየ ጆርጂያኛን ይረሳል። አማርኛችን ራሱ ከአገው ቋንቋዎች የወረሰው ብዙ እንደሆነ የሥነ ልሳን ምሁራን ይነግሩናል። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ያለው ዘመዱ ቅማንትኛ ደግሞ የሚቸኮልለት ነው፤ የሚናገሩት ጥቂት አረጋውያን ናቸው። ወደ እነሱ የሚሄድ ካለ ሰንጠረዡን ቤቱ ትቶ ይሂድ፤ መጀመሪያ ጤናቸውን፣ አዝመራቸውን፣ ልጆቻቸውን ይጠይቅ፤ ቡና ከቀረበም ሦስተኛው ሳይጠጣ አይነሳ።

አውኝን ለመጀመር ጉጉትም መተግበሪያም አያስፈልግም። በአዊ ዞን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ስለሆነ መማሪያ መጽሐፍ አለ። ከአንደኛ ክፍል ተማሪ ተዋሱ። ፈተና ሳይደርስ መልሱለት ደግሞ፤ ልጁ እንደ እናንተ አይደለም፣ ሁለተኛው ምዕራፍም ያስፈልገዋል።